«ሞቷል» የተባለው ድራይቭና አንዲት ጠብታ ዘይት

ቅዳሜ ጠዋት ገርጂ ውስጥ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ሳይሰማ አይረፍድም። ጥሪው ቀድሞ ለባዶ ጠርሙስ፣ ለቆርቆሮና ለአሮጌ ጫማ ነበር፤ ዛሬ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ፣ ከዚያም እስከ ሲኤምሲና አያት በሚዘልቁት መንደሮች ከቆራሌው ጆንያ አፍ የኮምፒዩተር ሽቦ ተንጠልጥሎ ማየት አያስገርምም። እንዲህ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር አሮጌ ኮምፒዩተራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ዋጋ ሲከራከሩ ደረስንባቸው።

«ደህና አደርክ ዶክተር፤ ሬሳ ልሸኝ ነው» አሉን ኮምፒዩተሩን እያመለከቱ።

«ምኑ ነው የሞተው ጋሼ?»

«ፍሎፒ አያነብም። ሁለት ባለሙያ አይቶታል። አንዱ ድራይቩ ሞቷል አለ፤ ሌላው ደግሞ የለም፣ የሞቱት ዲስኮቹ ናቸው አለ።»

አጠገባቸው በነበረው ካርቶን ውስጥ 23 ፍሎፒ ዲስኮች ተደርድረዋል። መምህሩ ከ1990 እስከ 1998 ዓ.ም. በግቢያቸው ውስጥ ራሳቸው ባቆሙት መለኪያ ዕለት ዕለት የለኩት የዝናብ መጠን የሰፈረው በእነዚህ ዲስኮች ላይ ነው። የመጀመሪያው የእጅ ጽሑፍ መዝገብስ? እርሱማ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ረጥቦ ተበላሽቷል። የዝናብ መዝገብ በዝናብ መጥፋቱን ሲነግሩን መምህሩ ራሳቸው ሳቅ ብለዋል። ከመሳቃቸው በፊት ግን አንድ ነገር ተናግረው ነበርና ጆሯችንን ያቆመው እርሱ ነው፦ «መጀመሪያ መጀመሪያ እኮ እምቢ የሚለው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደህና አድርጎ ያነብ ነበር።»

ኮምፒዩተሩን ከቆራሌው ተረከብነው። ቆራሌው ቅር አለው፤ እኛም የሻይ ሰጥተን አሰናበትነው።

ለመሆኑ ጠዋት እምቢ ብሎ ከሰዓት የሚሠራ ዕቃ ምን ሆኖ ነው? የተቃጠለ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ሰዓት አይመርጥም ማለት ባይቻልም፣ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ብርድ የሚጠነክርበት፣ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ የሚለቅ ነገር ቢኖር ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ቅባት ነው። ቅቤ በጠዋት ከጣሳው አልወጣ ብሎ እኩለ ቀን ላይ ሲፈስ ያላየ ተማሪ አይኖርም። የፈሳሾች ዝልግልግነት፣ ማለትም ቪስኮሲቲ፣ ሙቀት ሲቀንስ በፍጥነት ይጨምራል። መምህሩ የነገሩን የሕመሙ ታሪክ፣ ድራይቩ ከመቆሙ በፊት ለረጅም ጊዜ እየተያዘ መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱም ባለሙያዎች ይህን አልጠየቁም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህች በረንዳ ይነሣል። በአገራችን አንድ መሣሪያ «ሞቷል» የሚለው ፍርድ ምኑ፣ በምን ምክንያት ሳይባል ይሰጣል። የዲስክ ድራይቮችን በተመለከተ ይህ ፍርድ፣ በእጃችን ካለፉት ስንመለከተው፣ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው፤ የስሕተቱ ዋጋ ደግሞ ድራይቩ ሳይሆን በዲስኩ ላይ ያለው ነገር ነው። ፍርዱን መርምሮ መሻር የሚገባውም የጥገና ሱቅ ብቻ ሳይሆን የሳይንስ ፋኩልቲ ነው እንላለን።

ወጣት አንባቢዎቻችን ፍሎፒ ዲስክን የሚያውቁት ምናልባት ጽሑፍ ለማስቀመጥ በሚጫኑት ምልክት ብቻ ይሆናል። ያ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ሥዕል በአንድ ወቅት እውነተኛ ዕቃ ነበር። በፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ መግነጢሳዊ ቅብ ያለው ስስ ክብ ሉሕ አለ፤ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ 80 ክብ መስመሮች፣ በእያንዳንዱ መስመር 18 ክፍሎች፣ በእያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት አለ። ሁለቱን ገጾች ጨምራችሁ ብታባዙት 1,474,560 ባይት ታገኛላችሁ። (ይህን «1.44 ሜጋባይት» ያሰኘው በአንድ ቁጥር ውስጥ 1000ንና 1024ን የቀላቀለ ግራ የገባው ስሌት ነው፤ በፈተና እንዲህ ብታደርጉ ነጥብ እንቀንስባችኋለን።)

80ዎቹ መስመሮች የሚገኙት ከ15 ሚሊሜትር ባነሰ ስፋት ውስጥ ነው። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 0.1875 ሚሊሜትር ነው። የሚያነበውን ራስ ከመስመር ወደ መስመር የሚያደርሰው እርምጃ በእርምጃ የሚዞር ትንሽ ሞተር ሲሆን፣ ሞተሩ እንደ ብሎን ጥርስ ያለው ዘንግ ያዞራል፤ ራሱም በለስላሳ የብረት ዘንጎች ላይ ይንሸራተታል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ልብ እንድትሉት እንፈልጋለን። ድራይቩ ራሱ የት እንደደረሰ አያይም። መነሻው ላይ፣ ማለትም ዜሮ በሚባለው መስመር ላይ፣ መድረሱን የሚነግረው አንድ ጠቋሚ ብቻ አለ፤ ከዚያ በኋላ እርምጃውን እየቆጠረ ያምናል። ዓይኑን ጨፍኖ ከበሩ ሃያ እርምጃ ቆጥሮ አልጋው ጋ እንደሚደርስ ሰው ነው። በመንገዱ ላይ ሰበቃ ይዞት ሁለት እርምጃ ቢያመልጠው፣ ሃያ ብሎ ቆጥሮ የሚቀመጠው ወለሉ ላይ ነው።

ድራይቩም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ራሱን ወደ ዜሮ መልሶ እንደገና ይቆጥራል፤ በመጨረሻም ተስፋ ይቆርጥና በቀድሞው ዊንዶውስ ላይ ብዙዎቻችን የምናስታውሰውን መልእክት ያወጣል፦ በድራይቩ ያለው ዲስክ አልተዘጋጀም፤ አሁን ይዘጋጅ? ይህ መልእክት ምን ያህል ጽሑፍ እንዳጠፋ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ዲስኩ ደህና ነበር፤ የተያዘው ድራይቩ ነው። መሣሪያው የራሱን ጥፋት በናሙናው ላይ አላከከ። «አዎ» ብሎ የተጫነ ሰው ደግሞ ደህናውን ዲስክ በገዛ እጁ ለመደምሰስ ተስማማ። በቤተ ሙከራ ውጤቱ ሲጠመም አስቀድሞ መለኪያውን ፈትሹ እያልን የምናስተምረው ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው አይመስለንም።

አሁን ወደ ቅባቱ እንመለስ። መካኒኮች ግራሶ የሚሉት ነገር ወፍራም ዘይት ይመስለናል እንጂ አይደለም። ግራሶ ዘይት የጠጣ ስፖንጅ ነው ብንል ይቀርባል። ስፖንጁ ብዙ ጊዜ የሊቲየም ሳሙና ሲሆን፣ በጣም ቀጫጭን ክሮቹ ዘይቱን ይዘው ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። በዓመታት ብዛት ዘይቱ ይንጠፈጠፋል፣ ይተንናል፣ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ የሚቀረው ሳሙናው ነው። ከገርጂ እስከ አያት የግንባታ አቧራ በማይጠፋበት ሰፈር ደግሞ አቧራው ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ለማለስለስ የተቀባው ነገር ራሱ ማጣበቂያ ይሆናል።

ዘይት ለምን እንደሚያለሰልስ ግን የታወቀው ብዙዎች ከሚገምቱት ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ቦሻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ጎማ ኩሽኔታዎችን ሲፈትን ለዘይት መጨመሪያ ከላይ ቀዳዳ በሳ። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ሽቅብ ይፈስ ጀመር። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተገፍቶ ወጣ። በእንጨት ውታፍ ደፈነው፤ ያም ወጣ። በመጨረሻ በቀዳዳው ላይ የግፊት መለኪያ ቢተክል ከ13 የከባቢ አየር ግፊት በላይ አነበበ። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ፦ የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠበው ክፍተት ያስገባዋል፤ በጠባቡ ቦታ ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱም ብረቱን ከብረት ያነሣዋል። ስለዚህ በሚገባ የተቀባ ኩሽኔታ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ሬይኖልድስን ተማሪዎቻችን በስሙ በሚጠራው ቁጥር ብቻ ያውቁታል፤ ይህ ሥራው ግን በየስፌት መኪናው ውስጥ ይኖራል።

የስፌት መኪና ያልነው በከንቱ አይደለም። ከመምህሩ ቤት ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። የመኪናውን ዘይት ልንለምነው ስንሄድ ለምን እንደፈለግነው ጠየቀ፤ ስንነግረው «ስንት ዓመት ሳይቀባ ቆየ?» አለን። ከሃያ ዓመት በላይ መሆኑን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እርሱ መኪናውን በየሳምንቱ ይቀባል። እኛ ዶክትሬታችንን በሠራንበት የውጭ አገር ቤተ ሙከራም አንድ ሽማግሌ ቴክኒሺያን ነበር፤ ዘይቶቹን በመሳቢያ ቆልፎ ያስቀምጥና አንዲት ጠብታ ለመስጠት የትኛው ክፍል፣ ከምን የተሠራ፣ በምን ፍጥነት የሚዞር መሆኑን ያስመልሰን ነበር። ያን ጊዜ ያሰለቸን ነበር። የገርጂው ልብስ ሰፊ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ሲጠይቀን ግን አፈርን።

የሠራነው ሥራ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ኮምፒዩተሩን ከመብራት ነቅለን፣ ድራይቩን በካቻቪቴ ፈትተን፣ የላይኛውን ቆርቆሮ አነሣን። ዘንጉ ላይ ያለው ግራሶ እንደ ሻማ ሰም ደርቆ ቡናማ ሆኗል። የጆሮ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል እየነከርን ጥርሱንና ሁለቱን ዘንጎች እስኪነጡ ድረስ ጠረግን። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፤ በደረቀው ላይ አዲስ መቀባት ቆሻሻውን ማለስለስ ብቻ ነው። ከዚያም በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ፣ በጥርሱ ላይ ደግሞ ለፕላስቲክ የሚስማማ ስስ ግራሶ በጥቂቱ አኖርን። ራሱን በጣት ቀስ አድርገን ወዲያና ወዲህ ካመላለስን በኋላ የተረፈውን ጠረግን። ዘይቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው፤ ወደሚያነበው ራስ ወይም ወደ ዲስኩ የደረሰ ጠብታ ዲስኩን ያበላሻልና።

«የምግብ ዘይትስ?» ብሎ አንድ ተማሪያችን ጠይቆናል፤ ጥያቄው አያስቅም። የኑግ ዘይትም የተልባ ዘይትም ሲቀቡት ያለሰልሳል። ነገር ግን የሁለቱም ሞለኪውሎች ብዙ ድርብ ትስስር አላቸው፤ ኦክስጅን በዚያ በኩል እየገባ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል፤ ውጤቱም ሙጫ ነው። የተልባ ዘይት ለቀለም ሥራ የሚፈለገው ስለሚደርቅ ነው። ለሠዓሊ ጥቅም የሆነው ጠባይ ለድራይብ መርዝ ይሆናል። የመኪና መካኒኮች የዛገ ብሎን ለመፍታት የሚነፉት ፈሳሽም አብዛኛው ተኖ የሚሄድ ማሟሚያ ስለሆነ ለአንድ ቀን ያሳምራል እንጂ አይቆይም፤ ሲነፉትም የማይፈለግበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል።

በሲዲ ድራይቭ ነገሩ ይረቅቃል። በሲዲ ላይ የመስመሮቹ ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ነው፤ ከፍሎፒው ከመቶ ጊዜ በላይ ያንሳል። የሌዘር ምስሩ በኤሌክትሮማግኔት እየተንቀጠቀጠ ረቂቁን ክትትል ያደርጋል፤ ምስሩን የተሸከመው ጋሪ ደግሞ በዘንግ ላይ ቀስ እያለ ይከተላል። የዘንጉ ቅባት ሲደርቅ ጋሪው ይያዝና ኃይሉ ሲጠራቀም ድንገት ይዘላል። ይህ መያዝና መዝለል የመሲንቆ ጭራ ክሩን ይዞ ሲለቅ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው፤ የቆመ ነገር ሰበቃ ከሚንቀሳቀስ ነገር ሰበቃ ስለሚበልጥ ነው። በመሲንቆ ዜማ ይወጣዋል፣ በሲዲ ዘፈኑ ይቆራረጣል። ሆኖም በዚያው ድራይቭ ውስጥ ትሪውን የሚያወጣና የሚያስገባ የጎማ ቺንጋ አለ። ቺንጋው የሚሠራው በሰበቃ ነው፤ ዘይት ከነካው ይንሸራተትና ትሪው አይከፈትም። እርሱ የሚፈልገው አልኮል ብቻ ነው። በአንድ እጅ መዳፍ ስፋት ውስጥ ሰበቃ ጠላትም ወዳጅም ሲሆን ማየት ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሰሌዳ ላይ ቀመር ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፦ የሲዲው ሌዘር 780 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ዓይን በሚገባ አያየውም፤ ክዳኑ ተከፍቶ መብራት ተሰክቶ ወደ ምስሩ መመልከት ፈጽሞ አይገባም።

ሐርድ ዲስክን ግን ተዉት። «ዘይት ጠብ አድርገንበት እንይ» የሚል ተማሪ ስለማይጠፋ አስቀድመን እንከልክል። የሐርድ ዲስክ ራስ ከሚዞረው ሉሕ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ በአየር ትራስ ላይ ይበርራል፤ በሉሑ ላይ ፋብሪካው የቀባው ማለስለሻ ውፍረቱ አንድ ናኖሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ውስጥ የአቧራ ቅንጣት ተራራ ናት። የሚገርመው የሬይኖልድስ ትምህርት እዚህም መኖሩ ነው፦ ራሱን የሚያነሣው ጠብቦ የገባ አየር ነው፤ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ በስፋት የገቡት ኩሽኔታዎችም በዘይት ግፊት የሚንሳፈፉ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ዝቅ ብሎ ይበርራል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አምራቾች ለተለመዱት ሐርድ ዲስኮች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። ቦሌ በዚህ ወሰን ውስጥ ናት፤ 3,200 ሜትር አካባቢ የሆነው የእንጦጦ አናት ግን ያልፈዋል። ኮምፒዩተር ይዞ እንጦጦ ላይ መለኪያ የሚተክል ሰው ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ወደ መምህሩ ዲስኮች እንመለስ። ዲስኮቹን ከማስገባታችን በፊት የእያንዳንዱን ብረት መሸፈኛ ገፍተን ሻጋታ መኖሩን አየን፤ የሻገተ ዲስክ የሚያነበውን ራስ ያበላሻልና። በማዕዘኑ ያለችውን ፕላስቲክ ገፍተን ቀዳዳውን በመክፈት ማንም እንዳይጽፍበት ቆለፍነው። ከ23ቱ 17ቱ ሙሉ በሙሉ ተነበቡ፤ አራቱ በከፊል፤ ሁለቱ ምንም። «የሞቱት ዲስኮቹ ናቸው» ያለው ባለሙያ በሁለቱ እውነት ነበረው።

የተከፈቱት ፋይሎች ሌላ እንቆቅልሽ አመጡ። ቁጥሮቹ ወዲያው ተነበቡ፤ መምህሩ በአማርኛ የጻፏቸው ማስታወሻዎች ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆነው ወጡ። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመታትም ከዚያ በኋላ፣ የምንጽፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ሲሆን፣ ብዙዎቹ የራሳቸውን አቀማመጥ ተከትለው የላቲኑን ቦታ ይይዙ ነበር። ትክክለኛውን የፊደል ቅርጽ አግኝተን ስንጭን «በረዶ የቀላቀለ»፣ «ሌሊት የጀመረ»፣ «መለኪያው ሞልቶ ፈሷል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ብቅ አሉ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እኛም ሌላ ዲስክ የምንፈልግ መሰልን።

ከጽሕፈት መኪናና ከኢንተርኔት መካከል ያለፈው ዘመን የብዙ ሰው ሥራ እንዲህ ባለ ካርቶን ውስጥ አለ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ፣ የመስክ ጥናት ቁጥር፣ ያልታተመ መጽሐፍ። ሶኒ የፍሎፒ ዲስክ ሽያጩን በጃፓን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ያሉን ድራይቮች እየቀነሱ እንጂ እየጨመሩ አይሄዱም፤ እያንዳንዱ «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው ደግሞ ከቁጥሩ ይቀነሳል።

በዚህ ረገድ ከሱቆቹ ይልቅ የምንወቅሰው ራሳችንን ነው። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ጥሩ ኦሲሎስኮፕ «የማይሠራ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ስድስት ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ሲቀመጥ አይተናል። ኦሲሎስኮፑ ሞገዱን አሳምሮ ያሳይ ነበር። የተያዘው ውጤት የሚያስቀምጥበት የፍሎፒ ድራይቩ ብቻ ነው። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦበታል፤ ካቻቪቴ የያዘ ሰው አንድም ጊዜ አልቀረበውም። ከዚያ ሕንጻ በላይኛው ፎቅ ያን ጊዜ ስለ ሰበቃ እናስተምር ነበር፤ እኛም ጭምር።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ አውጥቷል። መልካም ነው። ቆሻሻ የሚባለው ዕቃ ቆሻሻ መሆኑን ማን አረጋገጠ የሚለው ጥያቄ ግን ከደንቡ ይቀድማል። እያንዳንዱ የሳይንስ ፋኩልቲ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ካቻቪቴ፣ አልኮልና ዘይት ቢያዘጋጅ፣ የአንደኛ ዓመት የሰበቃ ሙከራም እንጨት በእንጨት ላይ ከመጎተት ወጥቶ በተያዘ ድራይቭ ላይ ቢሠራ፣ ተማሪው ቀመሩንም ዕቃውንም ያገኛል፤ ካርቶን ይዞ የሚመጣ የሰፈር ሰውም አይጠፋም።

«በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ድራይቭ እየተሸጠ ለምን ይህ ሁሉ ድካም?» የሚሉን ባልደረቦች አሉ። እርሱም ያረጃል፤ የእርሱም ግራሶ ይደርቃል። ሰፊውን ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ አያነብም፤ በመሣሪያ ውስጥ የተገጠመውን ድራይቭም አይተካም። በአንድ ነገር ግን እንስማማለን፦ የታደሰ ድራይቭ ለዘወትር አገልግሎት አይታመንም። ሥራው በዲስኩ ያለውን አንድ ጊዜ በሙሉ ገልብጦ ማውጣት ነው።

ካልተነበቡት ሁለት ዲስኮች አንዱ በመምህሩ የእጅ ጽሑፍ «ክረምት 1994» ይላል። በዚያ ዓመት ዝናብ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ዘግይቶ ድርቅ ሆኗል፤ በገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ የሚናገረው ያ ዲስክ ብቻ ነው። በሦስት ድራይቮች ሞክረነዋል። ራሱ እስከ 11ኛው መስመር ይሄድና ይመለሳል። አራተኛ ድራይቭ ከመገናኛ አንድ ሱቅ በኪሎ ከሚሸጥ ክምር ውስጥ አግኝተናል፤ ግራሶው ደርቋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጠርገዋለን።